የአንጎራ ሹራብ በደሴ ብርድ፦ ከገበያ እስከ ሰፌድ

የመጀመሪያውን የአንጎራ ሹራቤን የገደልኩት በገዛ እጄ ነው። አክስቴ ከውጭ አገር ስትመለስ ያመጣችልኝ ነጭ ሹራብ ነበር፤ ሲዳስሱት ጫጩት የያዙ ያህል የሚለሰልስ። አንድ ቅዳሜ ከአንሶላውና ከፎጣው ጋር ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ውሃ አፈላሁ፣ ኦሞ ጨመርኩ፣ እንደ ለመድነው አሸሁት፣ ጠምዝዤ ጨመቅኩት፣ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ማታ ሳወርደው ለሰባት ዓመት ልጅ የሚጠብ፣ እንደ ካርቶን የገረረ ጨርቅ ሆኖ ጠበቀኝ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ንጹሕስ ንጹሕ ሆኗል» አለች።

ያጠፋሁት ሰንፌ አይደለም፤ ተግቼ ነው። እኛ ቤት ልብስ ማጠብ ማለት ማሸት ነው፤ ጋቢና አንሶላ ይህን ይችሉታል። አንጎራ ግን በነካካችሁት ቁጥር እየተጎዳ የሚሄድ ልብስ ነው፤ ዕድሜ የሚያገኘው ብዙ ያልተደረገለት ሹራብ ነው። ይህን መመሪያ ለመጻፍ የደፈርኩት ሁለተኛው ሹራቤ፣ ግራጫው፣ ስድስተኛ ክረምቱን በሰላም ስለተሻገረ ነው።

የማን ፀጉር ነው?

አንጎራ የጥንቸል ፀጉር ነው። ስሙ የመጣው ዛሬ አንካራ ከምንላት የቱርክ ከተማ የድሮ መጠሪያ ነው። በዚያው ስም የሚጠራ ፍየልም አለ፤ የአንጎራ ፍየል ፀጉር ግን ገበያ ላይ የሚታወቀው ሞሄር ተብሎ ነው። ሞሄር ያብረቀርቃል፣ ጠንከር ይላል፣ ፀጉሩም ረጅም ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «የአንጎራ ፍየል ነው» ካላችሁ አልዋሸም፤ የሚሸጥላችሁ ግን ሌላ ዕቃ ነው።

የጥንቸሉ ፀጉር ውፍረት ከ11 እስከ 15 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን በላይ ይሆናል። በዚህ ቅጥነቱ ላይ ውስጡ አየር የያዙ ባዶ ክፍሎች አሉት። ሹራቡ እንደ ላባ ቀልሎ እንደ ብርድ ልብስ የሚያሞቀው ለዚህ ነው። ችግሩም ከዚሁ ተፈጥሮው ይመጣል። የበግ ፀጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ሲስቡት ይመለሳል፤ የጥንቸል ፀጉር ግን ቀጥ ያለና አንሸራታች ነው። ሲለጠጥ ለጥጦ ይቀራል፣ ከክሩም ሾልኮ ይወጣል፤ ጥቁር ካፖርት ላይ የሚቀረው ብናኝ ይኸው ነው። ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ አንድ ላይ ሲመጡበት ደግሞ በእያንዳንዱ ፀጉር ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ከተቆላለፉ በኋላ የሚፈታቸው የለም። የእኔ ነጭ ሹራብ የሞተው በዚህ ነው።

አያቴ ግራጫውን ሹራብ ስታይ ከምን እንደተሠራ ጠየቀች። «ከጥንቸል» ስንላት እጇን ሰበሰበች፤ እሷ በምታውቀው የኦርቶዶክስ ቤት ጥንቸል አይበላም። አክስቴ «አይበላም እንጂ አይለበስም አልተባለም» ብላ ተከራከረቻት። አያቴ አልተረታችም፤ ሆኖም በጥር ውርጭ ትከሻዋ ላይ ጣል ሲያደርጉላት ዝም ብላለች።

ከዚህ ከበድ ያለ ጥያቄም አለ። በፈረንጆች 2013 ከቻይና እርሻዎች የወጣ ቪዲዮ የጥንቸሎች ፀጉር በሕይወታቸው ሲነጭ ካሳየ በኋላ በርካታ የአውሮፓ ልብስ ሻጮች አንጎራ መሸጥ አቁመዋል። ፀጉሩ በመሸለትና በማበጠርም ይሰበሰባል፤ ነገር ግን የትኛው ሹራብ ከየትኛው እጅ እንደወጣ ጨርቁን አይቶ መለየት አይቻልም። እኔ በዚህ ምክንያት አዲስ አልገዛም፤ የምፈልገው ሌላ ሰው ለብሶ የተወውን ነው።

ስትገዙ

ደሴ ላይ አንጎራ ያገኘሁት ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ወይም ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ስትዞሩ ፀጉራም የሆነ ሁሉ «አንጎራ» እየተባለ ይቀርብላችኋል፤ አብዛኛው ተቦርሾ እንዲያብብ የተደረገ አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የፕላስቲክ ክር፣ ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ምልክቱን ፈልጉ።

ምልክቱ የሚሰፋው ከአንገቱ በስተኋላ ወይም በጎን ስፌቱ ውስጥ ነው። ብዙ የአውሮፓ ልብሶች የሚጠቀሙት በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር መለያ ነው፦ «ደብሊው ኤ» አንጎራ፣ «ደብሊው ኤም» ሞሄር፣ «ደብሊው ኦ» የበግ ሱፍ፣ «ፒ ኤ» ናይለን፣ «ፒ ሲ» ወይም «ፒ ኤ ኤን» አክሪሊክ ማለት ነው። ከጎኑ ያለውን መቶኛ እዩ። ለዕለት ልብስ እኔ የምመርጠው ከ20 እስከ 40 በመቶ አንጎራ ሆኖ የቀረው የበግ ሱፍና ጥቂት ናይለን የሆነውን ነው። ሱፉ ቅርጹን ይይዝለታል፣ ናይለኑ ክሩን ያጠነክርለታል። 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው በጣም ያምራል፤ ግን ለሠርግና ለበዓል እንጂ ባጃጅ ለሚጋፋ ሰው አይሆንም። 5 በመቶ ያለው ደግሞ ስሙን ብቻ ነው የያዘው፤ የአንጎራ ዋጋ አትክፈሉበት።

ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ተቆርጧል) ከውስጥ ስፌቱ ጫፍ ትንሽ ክር ጠይቃችሁ ውሰዱና ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ቶሎ አይንቦገቦግም፣ ሽታው በበዓል ማግስት የበግ ራስ ሲለበለብ የሚሸተው ነው፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ይደድራል። ይህ ሙከራ ጥንቸልን ከበግ አይለይም፤ ፀጉርን ከፕላስቲክ ብቻ ነው የሚለየው። ሻጩን ሳታስፈቅዱም ክብሪት አትጫሩ፤ ለምን እንደምል አውቃለሁ።

ከዚያ ሹራቡን ገልብጡት። የውስጡ ጥልፍ አንድ በአንድ የሚታይ ከሆነ ደህና ነው። ጥልፉ ጠፍቶ ወፍራም ምንጣፍ ከመሰለ አንድ ሰው እንደ እኔ አጥቦታል ማለት ነው፤ በነጻም ቢሰጧችሁ አይለበስም። ብብቱን ለይታችሁ ዳስሱ፣ መጀመሪያ የሚቆላለፈው እዚያ ነው። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንስታችሁ አጮልቁ፤ ብል የበላው ቀዳዳ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፣ ፀሐይ ፊት ግን ይፈካል። የወገቡን ጠርዝ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ካልተመለሰ ለጥጧል። በመጨረሻ የልብሳችሁን ጥቁር ክፍል አሥር ጊዜ ያህል አሹበት። ጥቂት ፀጉር መውጣቱ የተፈጥሮው ነው፤ እፍኝ የሚሞላ ከወጣ ግን እየሞተ ያለ ሹራብ ነው።

ስለ ቅርጹ አንድ ምክር ብቻ፦ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚከፈተውን ምረጡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ጠዋት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይሳፈርና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨርስ ላብ በላብ ይሆናል። በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ሚኒባስ ውስጥ ማውለቅ ለእናንተም ለጎረቤታችሁም መከራ ነው፤ ከመሳሳቡም የተነሳ አንገቱ ይሰፋል።

ስትለብሱ

ከስር ቀጭን የጥጥ ልብስ ልበሱ። ላቡን ጥጡ ይወስደዋል፣ ሹራቡም የሚታጠብበት ቀን ይርቃል። ከላይ የምትደርቡት ካፖርት ገበሩ ለስላሳ ይሁን። የትከሻ ቦርሳ ትልቁ ጠላቱ ነው፤ ማንገቻው የሚያርፍበት ቦታ በአንድ ወር ውስጥ ይመለጣል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ያዙት። ሒጃብ ወይም ሻሽ በስፒል የምታስይዙ ስፒሉ ሹራቡን እንዳይወጋ ከሻሹ ጋር ብቻ አያይዙት። ሽቶ ሹራቡን ከመልበሳችሁ በፊት ተቀቡ፣ ሸካራ ከሆነ ሐብልና ቀለበትም ተጠንቀቁ።

የወሎ ሰው ሆኖ ቡና ላለመጠጣት አልመክርም፤ ቡናው ሲቆላ ግን ሹራቡን አውልቃችሁ ሌላ ክፍል አኑሩት። ይህ ፀጉር ሽታ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። የዕጣን ጭስ ሳምንት ሙሉ አብሯችሁ ይከርማል፣ ከማጨሻው የሚዘል ፍንጣሪም ቀዳዳ ይተዋል። እኔ ለአቦሉ በጋቢ እቀመጥና ዕጣኑ ሲበርድ፣ በረካው ላይ፣ ሹራቤን መልሼ እለብሳለሁ።

ሕፃን የምታቅፉ ከሆነ ጋቢ ጣል አድርጉበት። የሚረግፈው ፀጉር ሕፃኑ አፍ ውስጥ ይገባል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለም በመጀመሪያው ሳምንት ሁኔታውን ተከታተሉ።

ፀጉሩ ቢበዛባችሁ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጡትና ከመልበሳችሁ በፊት ውጭ አራግፉት። መርገፉን ለዚያ ቀን ያህል ይቀንሰዋል። መብራት ካለ ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን የለበሳችሁትን በማግስቱ አትድገሙት። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ወንበር ላይ ዘርግታችሁ ይረፍ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ያህል ሆኖ ይነሳል፤ እውነቱን ለመናገር ከማጠብ ይልቅ ይህ ነው ዕድሜውን የሚያረዝመው።

ወጥ ወይም ቅቤ ከተንጠባጠበበት አታሹት። ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ዘይቱን አስመጥጡ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ አድሮ በማግስቱ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። ቀይ ወጥ ነጭ ሹራብ ላይ ከሆነ የበርበሬው ቀለም ሙሉ በሙሉ እንደሚለቅ ቃል አልገባም።

ስታጥቡ

በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማዋ ላይ ሲተኛ እርጥብ ሹራብ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፣ ሽታም ይይዛል። እኔ የማጥበው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት ነው።

1. ሹራቡን ጋዜጣ ወይም ካርቶን ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ንደፉ። ሲደርቅ ወደዚያ ልክ ትመልሱታላችሁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከእኔ ስህተት በኋላ እኔ አልዘልም።

2. ቁልፎቹን ቆልፉ፣ ሹራቡን ገልብጡ።

3. ሁለት ሳፋ ውሃ በአንድ ጊዜ አዘጋጁ፣ አንዱ ለማጠቢያ ሌላው ለማለቅለቂያ። ሁለቱም እኩል ለብ ያሉ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጡ ይሁኑ፤ የሕፃን ገላ እንደሚለካ በክርን ለኩት። የደሴ የቧንቧ ውሃ በጥቅምት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ሹራቡ ከለብታ ወጥቶ ድንገት እዚያ ውስጥ ሲገባ ይሰበሰባል። ቅዝቃዜው ብቻውን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የሙቀቱ ድንገተኛ ለውጥ ነው።

4. ለአምስት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሕፃን ሻምፑ ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡት። ኦሞም ደረቅ የልብስ ሳሙናም አይሆኑም፣ ለዚህ ፀጉር ይከብዱበታል። በረኪና ጨርሶ አይቅረበው፤ ፀጉርን እስከማሟሟት ይደርሳል። እንዶድ ለነጠላና ለኩታ ስሙ የታወቀ ነው፤ አንጎራ ላይ ግን ሞክሬው አላውቅም፣ እጄም አልደፈረም።

5. ሹራቡን ውሃው ላይ አስቀምጣችሁ በመዳፋችሁ ወደ ታች ጫን፣ ለቀቅ አድርጉት። ማሸት የለም። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይቆይ።

6. ስታወጡት በሁለት እጃችሁ ከስር ደግፋችሁ አንሱት፣ አዲስ የተወለደ ልጅ እንደሚነሳ። ውሃ የጠጣ አንጎራ ከባድ ነው፤ ትከሻውን ይዛችሁ ካንጠለጠላችሁት ክንዱ እስከ ጉልበት ይወርዳል።

7. በሁለተኛው ሳፋ በዚያው መንገድ አለቅልቁት። አረፋ ከቀረ በተመሳሳይ ሙቀት ድገሙት። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጠብ ብታደርጉ የሳሙናውን ቅሪት ያስለቅቃል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

8. አትጠምዝዙት። ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ፎጣውን ከነሹራቡ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉ፣ በእጃችሁ ተጫኑት። ፎጣው ሲርስ በሌላ ደረቅ ፎጣ ድገሙ።

ለማድረቅ ከሰፌድ የተሻለ ዕቃ አላገኘሁም። ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አየር ከስሩ ያሳልፋል። ሁለት ወንበር መሐል አስቀምጡት። ባለ ቀለም አክርማ የተሰፋ ከሆነ ግን ቀለሙ እርጥብ ሹራብ ላይ ይለቃል፤ ያረጀ ነጭ ነጠላ አንጥፉበት። ሹራቡን በእርሳስ በነደፋችሁት ልክ አስተካክላችሁ አስተኙት፣ በማግስቱ ገልብጡት። ቦታው ጥላ ይሁን። ፀሐይ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ያጠበውን እጅ ድካም ከንቱ ማድረግ ነው። እናቴ ሰፌዷ ለሹራብ መዋሉን ስታይ ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ አሁን ለሹራቡ ብቻ የተገዛ ሰፌድ አለ።

ሲደርቅ ተጣብቆና ተኝቶ ሲታይ አትደንግጡ። ከድስት ከሚወጣ እንፋሎት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙት፣ አራግፉት፣ ከዚያ በሕፃን ፀጉር ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ፀጉሩ ዓይናችሁ እያየ ይነሳል። ካውያ አያስፈልገውም።

ስታስቀምጡ

ማንጠልጠያ ላይ አይሰቀልም፣ ይታጠፋል። ከመቀመጡ በፊት የታጠበ ወይም በደንብ ነፋስ ያገኘ ይሁን፤ ብል የሚፈለፈለው ላብና ምግብ የነካው ፀጉር ላይ ነው። ሹራቡን የሚበላው የሚበረው ቢራቢሮ አይደለም፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው። ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ይወዳል፤ ለዚህ ነው ሳጥን ስር የተረሳው ልብስ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበላው።

ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ሹራብ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትታችሁ አፉን እሰሩ። ጥጡ ያስተነፍሰዋል። በላስቲክ አጥብቆ ማሸግ በክረምት እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ቅርንፉድ ወይም የጥድ ስባሪ መጨመር ደስ ይላል፣ ያደረ ትልን ግን አይገድልም። ናፍታሊን ይሠራል፤ መርዝ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ልጆች ከረሜላ ይመስላቸዋል፣ ሽታውም ከሹራቡ አይለቅም። ከልባሽ ጨርቅ የገዛችሁትን ከሌሎች ልብሶች ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት በላስቲክ አድርጋችሁ በረዶ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩት። በየወሩ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ አራግፉት።

የተሳበ ክር ስታዩ በመቀስ አትቁረጡት፣ ከቆረጣችሁት ይተረተራል። በኪሮሽ መርፌ ወደ ውስጥ ሳቡትና ተዉት። ድብልብል ብሎ የሚወጣውን ፀጉር በትንሽ መቀስ አንድ በአንድ ልቀሙት፤ ምላጭ አይነካው።

ቀድሞውኑ የጠበበ ካላችሁ

በጥቂቱ ብቻ ከተሰበሰበ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፣ ፎጣ ላይ ጨምቃችሁ ቀስ በቀስ በእጃችሁ ሳቡት። አንድ ሁለት ጣት ያህል ሊመለስ ይችላል። እንደ እኔ ነጭ ሹራብ ጥልፉ ጠፍቶ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ መቀስ አንሱ። የተቆላለፈ ፀጉር ቢቆረጥ አይተረተርም፣ ጠርዙን መዘምዘም እንኳ አያሻውም። ከጀርባው የጫማ ውስጥ ንጣፍ ሁለት ጥንድ ይወጣል፤ እግራችሁን ካርቶን ላይ አስቀምጣችሁ ንደፉና በዚያ ልክ ቁረጡ። ክንዶቹን ጣት አልባ ጓንት ማድረግ ይቻላል፣ ለአውራ ጣት ቀዳዳ መብሳት ብቻ ነው የሚፈልገው። የእኔን ጓንቶች እናቴ ወስዳቸዋለች፤ በጥር ጠዋት እንጀራ ልትጋግር ስትነሳ ምጣዱ እስኪግል ድረስ አድርጋቸው ትቀመጣለች።